ኮምፒውተሩ እስኪነሳ

አንድ ኮምፒውተር እስኪነሳ ድረስ ስንት ጉዳይ ያልቃል? በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ላይ፣ በእህቴ ልጅ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ብዙ ጉዳይ ያልቅ ነበር። ማብሪያው ይጫናል፤ ከጎረቤት ቡና ይታዘዛል፤ ቡናው መጥቶ ይጠጣል፤ ስኒው ይመለሳል። ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡት ገበሬ የድንበራቸውን ነገር ከአያታቸው ዘመን አንስተው ይተርካሉ፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል፤ ግማሹ ይፈርድላቸዋል፣ ግማሹ ይፈርድባቸዋል። የስንዴና የምስር ዋጋ ይነሳል። ለበዓል ታስሮ ከሚቀለበው ሰንጋ የማን እንደሞላ፣ የማን ገና እንደሆነ ይወራል። ጅሩ ላይ የሰንጋ ወሬ ከተጀመረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቢነሳም ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ይቺ ጽሕፈት ቤት ለወረዳው ሕዝብ የማታደርገው የለም። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ማስረጃ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሌሚኔሽን፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ በሚሞሪና በፍላሽ ዘፈን፣ መዝሙርና ፊልም መጫን። ይህ ሁሉ በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ጫንቃ ላይ ነው። ዴስክቶፑ አገልግሎ የተሸጠ ነው፤ በዕድሜው ካየው መሥሪያ ቤት ብዛት የተነሳ ጡረታ የሚገባው ከብዙዎቻችን በፊት ነበር።

ከሥራው ይልቅ ግን የሚሸከመው ጥፋት ይከብድ ነበር። ለዓርብ የተባለው የሠርግ መጥሪያ ለሰኞ ከደረሰ፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። የሙሽራው ስም በአማቱ ቦታ ከተጻፈ፣ የኮምፒውተሩ ነው። የእህቴ ልጅ አርፍዳ ከገባች፣ «ብቀድምስ እሱ መቼ ሊነሳ» ትላለች። ደብዳቤ አጽፎ ለአለቃው ማቅረብ የነበረበት ሰው ሳምንት ሙሉ ጠላ ቤት ሲውል ሰንብቶ፣ «ኮምፒውተሩ አስቸገረ» ይላል፤ አለቃውም ራሱ ያችን ኮምፒውተር ስለሚያውቃት ያምነዋል። የከተማው ዘገምተኛ ሁሉ እዚያች ቆርቆሮ ሳጥን ሥር ይጠለል ነበር። ተከሶ አፍ የሌለው ጥፋተኛ ማግኘት ለአንድ ወረዳ ትልቅ ሀብት ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ኤስኤስዲ ላስገባለት ነው» ያለች ዕለት ነገሩ የእሷ ብቻ ሊሆን አልቻለም። ቀድመው የተቃወሙት አከራይዋ ናቸው። አባባ ብላ ነው የምትጠራቸው፤ ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበር የማይታጡ፣ በየዓመቱ ኪራይ መጨመር እንጂ መቀነስ የሚባል ነገር በቤታቸው ያልተለመደ ሽማግሌ ናቸው።

«ያለው ምን ሆነ?» አሉ። «ዘገየ እንጂ መቼ ቀረ?»

ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናልና። እንዲህ አልኳቸው፦ እዚህ ሳጥን ውስጥ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ የሚባል አለ። በሆዱ ያለው የሚያብረቀርቅ ዝርግ ሳህን በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 120 ዙር መሆኑ ነው። ከሳህኑ በላይ ቀጭን ክንድ አለ፤ በክንዱ ጫፍ ያለው አንባቢ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጅ በሚያንስ ክፍተት ይንሳፈፋል። ፋይል በተፈለገ ቁጥር ክንዱ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የተፈለገው ነጥብ ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል። መሄዱና መጠበቁ ተደምሮ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይፈጃል። ኢምንት ይመስላል። ኮምፒውተር ሲነሳ የሚያነበው ግን አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ ሺህ በሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ክንዱ በሰከንድ መቶ ቦታ እንኳ ለመድረስ ይቸገራል።

አባባ በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ክንዱ ምን አጠፋ? እናንተ ናችሁ እዚህም እዚያም የበተናችሁት፤ እሱ ሲላላክ ይውላል» አሉ። ወረፋ የያዙትም በአንድ ድምፅ ለተላላኪው አዘኑለት።

እውነትም ሃርድ ዲስክ የሚወቀስ ዘር አይደለም። አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የእያንዳንዳቸው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ግዙፍነት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ጥራት ያለው ፎቶ ላይገባበት ይችላል። አንድ ቶን ስል ከወረፋው መካከል አንዱ፣ «ሁለት የሞላ ሰንጋ» ብሎ በጅሩ ሚዛን መነዘረው። ከዚያ ወዲያ ሃርድ ዲስክ በዚያ ቤት ሙሉ ክብር አገኘ፤ ኤስኤስዲውን ማስገባት ይብሱን ከበደ።

«አዲሱስ ምን ያህል ይመዝናል?»

በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚዞርም የሚመላለስም ነገር የለውም፤ ስለዚህ ክብደትም የለውም ማለት ይቻላል። መረጃው የሚቀመጠው በሲሊኮን ላይ በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰረ ኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የታሰረው እዚያው ይቆያል። የዚህ ነገር አባት ቶሺባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። ዛሬ ዓለምን የሞላው ናንድ የተባለው ዓይነት ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ክንድ ስለሌለ መንገድ የለም፤ መንገድ ስለሌለ መዘግየት የለም ማለት ይቻላል። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ ቦታ ለመድረስ ሲንገታገት ኤስኤስዲ አሥር ሺዎችን ይደርሳል።

ይህን እየተናገርኩ ሳለ አባባ በጉልበታቸው ላይ ያስቀመጧት ትንሽ ራዲዮ መዝሙር ታሰማ ነበር። ጎኗ ላይ የእህቴ ልጅ የጫነችላቸው ሚሞሪ ካርድ ተሰክቷል። «ለምሳሌ ሩቅ አንሂድ፣ ያቺ ሚሞሪዎ የዚሁ የኤስኤስዲ ዘር ናት» አልኳቸው።

ራዲዮዋን አንስተው አዩዋት። «ቆይ፣ ቆይ። እኔ በሬ ጠምጄ ስሰማበት የኖርኩትን ነው ከተማው ገና ዛሬ ደረሰበት የምትለኝ?»

በአብዛኛው ልክ ነበሩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ማኅደር አላቸው። ኤስኤስዲ የሚለየው ብዙ ቺፖችን ባንድ ጊዜ የሚያሠራ፣ ጽሑፉን በየክፍሉ እያፈራረቀ አንዱ ክፍል ተለይቶ እንዳያረጅ የሚከላከል ይበልጥ ብልህ መቆጣጠሪያ ስላለው ነው። አባባ ግን መቆጣጠሪያውን አልሰሙም። ቴክኖሎጂው ከእርሳቸው ዘንድ ቀድሞ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ተቃውሟቸውን አንስተው፣ እንዲያውም እንደ አማካሪ መናገር ጀመሩ።

ባለ 256 ጊጋው ኤስኤስዲ ከአዲስ አበባ ታዝዞ፣ ደብረ ብርሃንንና ደነባን አልፎ በሰው ኪስ መጣ። ሲመጣ የሚያይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከካርቶኑ የወጣችው ከመዳፍ የማታልፍ፣ ውፍረቷ 7 ሚሊ ሜትር የሆነች ጥቁር ነገር ናት። የእህቴ ልጅ ይባስ ብላ፣ ሽፋኑ ለመጠን ያህል ነው እንጂ ውስጡ በአብዛኛው ባዶ መሆኑን ተናገረች። እቃ በክብደት ለሚተምን ገበያ ይህ የሚነገር አልነበረም። «ለባዶው ስንት ከፈልሽ?» ተባለች።

ጥያቄው መሳቂያ ይምሰል እንጂ መሠረት አለው። «አንድ ቴራ» ተብሎ በማይታመን ርካሽ ዋጋ የሚሸጥ፣ ሲፈቱት ግን ውስጡ አንዲት ሚስኪን ሚሞሪ የተለጠፈችበት አስመሳይ ዕቃ በዓለም ገበያ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ ስለ መጠኑ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም ያምነዋል፤ ሲሞላ በፊት የተጻፈውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የሚወዱትን ነገር ሳያስቀምጡበት በፊት እስከ አፉ በፋይል ሞልቶ፣ መልሶ እያነበቡ መፈተን።

ከዚያ ሳጥኑ ተከፈተ። በበጋ የጅሩ ጥቁር አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ የሚነሳው አቧራ ከየሜዳው ተጠርቶ እዚያ የገባ ይመስላል፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ክንፍ የት እንዳለ በዳበሳ ነው የተገኘው። የእህቴ ልጅ የመብራት ገመዱን ነቀለች፤ ማብሪያውን ትንሽ ተጭና በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣች፤ ቀጥላም ከልብስ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳይመታው መዳፏን በሳጥኑ ብረት ላይ አሳረፈች። አባባ ቆባቸውን አውልቀው፣ «አሜን» አሉ። የባረከችው መስሏቸው ነው፤ ማንም አላረማቸውም።

የሳጥኑ ማስቀመጫ የተሠራው ለድሮው ሰፊ ዲስክ ስለሆነ ኤስኤስዲዋ ሰፋባት። ማስተካከያ ብረቱ አብሮ አልመጣም። በአንድ ጎን በሁለት ብሎን ተይዛ ቀረች። «ትወድቃለች» አሉ አባባ። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌላት ተንጠልጥላም፣ ተገልብጣም፣ ተጋድማም ትሠራለች፤ መንቀጥቀጥ የሚጎዳው ያን ሳህንና ክንድ ነው። ገመዱ የተገኘው ደግሞ ሠርግ በሲዲ መቅረጽ ካበቃ ወዲህ ማንም ካልነካው የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ሁለት ገመድ ነው፦ አንዱ ለመረጃ፣ አንዱ ለኤሌክትሪክ፤ የሁለቱም አፍ አንድ ጫፉ የታጠፈ ስለሆነ ተገልብጦ አይገባም። አልገባ ካለ ጉልበት መጨመር ሳይሆን ማዞር ነው።

እግረ መንገዱንም ከማዘር ቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ተለወጠች። እሷ ሞታ ስለነበር ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ዕድሜውን ይረሳና በፈረንጆቹ 2009 ዓመት ላይ ይነቃ ነበር። ይህ ሌላ አገር ወዲያው የሚታወቅ ብልሽት ነው። እኛ ዘንድ ግን ዓመታችን ከፈረንጅ በሰባት ስምንት፣ ሰዓታችን ደግሞ በስድስት ስለሚለይ፣ ኮምፒውተርና ሰው ባይስማሙ የሚደነግጥ የለም። ኢንተርኔቱ ብቻ ነበር የሚደነግጠው፤ የድረ ገጾቹን የምስክር ወረቀት «ገና ቀኑ አልደረሰም» እያለ አልከፍትም ይል ነበር።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌው ዲስክ እንዳለ ይገልበጥ ወይስ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጫን? እንደ አዲስ መጫን ንጹሕ ነው። ለጽሕፈት ቤት ግን ንጽሕና ውድ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግእዝ እንደገና መጫን አለበት። የዓመታት ውልና ማመልከቻ ደግሞ በድሮ ፊደል የተጻፈ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከልማድም የተነሳ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ፊደላችን በላቲኑ ቦታ ተደብቆ ነበር የሚኖረው። ያ የድሮ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት የአባባ የኪራይ ውል ትርጉም የለሽ የላቲን ኮተት ሆኖ ይወጣል። ይህ ሲነገራቸው አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። «ውሌ በማላውቀው ቋንቋ? እንዳለ ይገልበጥ!» ክርክሩ አለቀ።

የአሮጌው ዲስክ መጠን ከአዲሱ ቢበልጥም የተሞላው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ መገልበጡ አልከበደም። መገልበጫው ፕሮግራም ተጀመረ፤ መቶኛው እየቆጠረ ወጣ፤ ግማሹን እንዳለፈ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኾ ዝም አለ። ደግነቱ መገልበጥ ከአሮጌው ዲስክ ማንበብ ብቻ እንጂ መንካት አይደለም፤ መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ሲያልቅ አሮጌው ዲስክ ለጊዜው ተነቀለ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ዲስክ ባንዴ ሲያይ ኮምፒውተሩ ከየትኛው ልነሳ ብሎ እንዳይወላውል። ቅጂው ታማኝ ነበር። በጣም ታማኝ ከመሆኑ የተነሳ ሰው ሁሉ በፍላሹ ይዞት የሚዞረውን፣ ፋይል እየደበቀ ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስም አልተወውም፤ እሱን ማጽዳት የራሱ ሥራ ሆነ።

በመጨረሻ ማብሪያው ተጫነ። ቡና ለማዘዝ የተላከው ልጅ ገና ደጃፉን ሳይሻገር ስክሪኑ የይለፍ ቃል ጠየቀ። የእህቴ ልጅ የይለፍ ቃሉን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት፤ ድሮ የምታስታውሰው እስኪነሳ ድረስ ነበርና። ቤቱ ዝም አለ። የድንበር ጉዳያቸውን ሊያወጉ የተዘጋጁት ሰው ገና «በአያቴ ጊዜ» እንዳሉ ቀሩ።

ችግሩም የጀመረው ከዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ከተጠያቂነት ወጣ፤ ጥፋቱ ግን ባለቤት ፈልጎ መዞር ያዘ። መጥሪያው ዘገየ፤ ለካ ቀለሙ ያለቀበት ፕሪንተሩ ኖሯል። ፕሪንተሩ ተስተካከለ፤ አሁንም ዘገየ፤ ለካ የሙሽሮቹ ቤተሰቦች የማን ስም ይቅደም በሚለው አልተስማሙም ኖሯል። ማመልከቻው በአንድ እስትንፋስ ተጽፎ ታትሞ ወጣ፤ ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ፈራሚው ከስብሰባ ወጡ፤ «ሲስተም የለም»። ሲስተሙ መጣ፤ ማኅተም የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። የእህቴ ልጅም አርፍዳ ስትገባ የምትለው ጠፍቶባት፣ ከዕለታት አንድ ቀን «እንቅልፍ ወሰደኝ» ስትል ተሰማች። በዚያ ጽሕፈት ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ እውነት ሲነገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ነገር፣ አንዱ እንቅፋት ሲነሳ ሌላው መታየቱን፣ እነዋሪ ከኮምፒውተር በፊት በእርሻዋ አይታዋለች። ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይዞ ስለማይለቅ ሰብል ያንቃል፤ ዘርም ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። የእነዋሪ ሰው ግን አፈሩን በእጅ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብና ዝቅ ያለ ቦይ ማውጣት ያውቅበታል፤ ጉልበቱ በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ፤ ሥራው ከተካሄደባቸው ስፍራዎች አንዷ እነዋሪ ናት። ውኃው በቦዩ ከወረደ በኋላ ግን ዘሩ ምን ይሁን፣ ማዳበሪያው መቼ ይግባ፣ አረሙን ማን ይንቀል የሚለው ተራውን ጠብቆ መጣ። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ እነዚህን የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ነገር በውኃው ይመካኛል።

እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ዋናው ዘገምተኛ እስካለ ድረስ ሌሎቹ ሁሉ ፈጣን ይመስላሉ። አገሩን በኤስኤስዲ ብንሞላው ሥራው ይፈጥን እንደሆነ እንጃ፤ ማን እንደሚያዘገየው ግን ባንድ ሳምንት እናውቃለን። አንዳንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሩን ሙጥኝ የሚለው በጀት አጥቶ ብቻ አይመስለኝም።

አሮጌው ዲስክም አልተጣለም። በውጭ መያዣ ተደርጎ የሰነዶቹ መጠባበቂያ ሆነ፤ ይህም ግድ ነው። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያቃስታል፣ ይንቋቋል፤ ኤስኤስዲ ግን ድምፅ ስለሌለው ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ ላይገኝ ይችላል። ክፍሎቹ የሚጻፍባቸው ጊዜም የተወሰነ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ ደግሞ የታሰረው ቀስ በቀስ ያመልጣል። የፈጠነ ነገር ሲሄድም ፈጥኖ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አባባ ራሳቸው ባለጉዳይ ሆነው መጡ። በወንድማቸው ልጅ ላይ ክስ ሊያጽፉ ነው። ተናደው ገቡ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን አስደገፉ።

«አስነሺው!» አሉ።

«ተነስቷል አባባ። ይናገሩ፣ እጽፋለሁ።»

አባባ ስክሪኑን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚህ ቀደም ንዴታቸው ቡናው እስኪመጣ ይበርድ፣ ሐሳባቸው ስኒው እስኪመለስ ይሰበሰብ ነበር፤ አንዳንዴም ዘመድ ገብቶ ያስታርቃቸውና ማመልከቻው ይቀር ነበር።

«እስቲ አጥፍተሽ እንደገና አስነሺው» አሉ፤ «እስከዚያ ላስብበት።»

«አሁን ባጠፋውም እኮ አይቆይልዎትም።»

አባባ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው፣ አሮጌው ዲስክ ወደተቀመጠበት፣ በከዘራቸው ጠቆም አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንን መልሰሽ አስገቢው፤ ኪራይ እቀንስልሻለሁ።»